ለድረ ገጽ ፕለጊን መምረጥና ማካፈል፦ ከደሴ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎችን ማገዝ ከጀመርኩ ቆየሁ። አንዱ ላሊበላ የእንግዳ ማረፊያ አለው። አንዷ የኮምቦልቻ ልጅ የጥልፍ ሥራዋን በኦንላይን ታሳያለች። ስለ አምባሰልና ባቲ ቅኝት የሚጽፍ አለ፣ ስለ መንዙማ የሚጽፍ አለ፣ ስለ ሐይቅ ገዳም የሚጽፍም አለ። ሥራቸው ለየቅል ነው። ጥያቄያቸው ግን ይመሳሰላል፤ ቡና ላይም በቴሌግራምም የሚመጣው ያው ነው። ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብስቤ ጻፍኳቸው።

ፕለጊን ምንድን ነው?

ዎርድፕረስ በራሱ የማይሠራውን ሥራ የሚጨምርለት ትንሽ ፕሮግራም ነው። የመልእክት ፎርም ስትፈልጉ አንድ ትጭናላችሁ፣ ባክአፕ (የድረ ገጹን መጠባበቂያ ቅጂ) ስትፈልጉ ሌላ። ዎርድፕረስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ፕለጊን መቀበል የጀመረው ደግሞ በ2004፣ ከ1.2 ቨርዥን ጀምሮ ነው። ዛሬ ይፋዊው የዎርድፕረስ ፕለጊን ማውጫ ላይ ከ50 ሺህ በላይ ነፃ ፕለጊኖች አሉ። የሚያደናግረውም ብዛቱ ነው።

«ፕለጊን» የሚል ሜኑ እኔ ጋ የለም። ምን አጥፍቼ ነው?

ምንም አላጠፋችሁም። የዎርድፕረስ ዶት ኮም ነፃ አካውንት ላይ ፕለጊን መጫን አይቻልም። ብሎገር በሚባለው የጎግል የብሎግ አገልግሎት ላይም የዎርድፕረስ ፕለጊን አይሠራም። ፕለጊን እንደልብ ለመጫን የራሳችሁ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ የተጫነ ዎርድፕረስ ያስፈልጋል። ገና ለመጻፍ እየለመዳችሁ ከሆነ ግን ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። መጀመሪያ አሥር ጽሑፍ ጻፉ።

ስንት ፕለጊን ይበቃል?

ቁጥር አልሰጥም። ሃያ ጥሩ ፕለጊን ያለው ድረ ገጽ በደንብ ሲሠራ አይቻለሁ፤ በአንድ መጥፎ ፕለጊን የተንፏቀቀም አይቻለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ «ይኼ ፕለጊን ዛሬ ቢጠፋ አንባቢዬ ያስተውላል ወይ? እኔስ እቸገራለሁ ወይ?» ለሁለቱም መልሱ «አይ» ከሆነ ይውጣ።

ብዙ ሰው ዎርድፕረስ ራሱ ለሚሠራው ሥራ ፕለጊን ይጭናል። ፎቶዎች አንባቢው ወደታች ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ ማድረግ ከ5.5 ቨርዥን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አብሮ የመጣ ነው። ለጎግል የሚሆነው የገጾች ዝርዝርም በዚያው ቨርዥን ገብቷል። በጣም ትልቅ ፎቶ ስትጭኑ ደግሞ ከ5.3 ጀምሮ ራሱ ወደ 2560 ፒክስል ያወርደዋል። ለእነዚህ የሚሆን ፕለጊን ከዓመታት በፊት ጭናችሁ ከረሳችሁ ዛሬ ተመልከቱት።

ከዚህ ሁሉ መሃል የቱን ልምረጥ? ኮከቡን አይቼ ነው?

ኮከብ ብቻውን አይበቃም። ባለፈው ከአንድ የወልዲያ ወዳጄ ጋር አንድ የፕለጊን ገጽ ከላይ እስከታች አብረን አነበብን። እሱ ኮከቡን ያያል፣ እኔ በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ ሰንጠረዥ አያለሁ። እዚያ መጀመሪያ የማየው ለመጨረሻ ጊዜ አፕዴት የተደረገበት ቀን ነው። ከዓመት በላይ ካለፈው እጠረጥራለሁ። ቀጥሎ እስከየትኛው የዎርድፕረስ ቨርዥን እንደተሞከረ ተጽፏል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዋና ቨርዥኖች ላይ ያልተሞከረ ከሆነ ማውጫው ራሱ ከላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ይለጥፍበታል። ያንን ቢጫ ያየ ሰው ወደ ሌላ ይለፍ።

ከዚያ «ሰፖርት» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። እኔ አብዝቼ የማምነው ይኼን ገጽ ነው። ሰዎች ምን ብለው እንደሚያማርሩ፣ ሠሪው በስንት ቀን እንደሚመልስ፣ ሲመልስም በትሕትና ይሁን በቁጣ ታዩበታላችሁ። ወዳጄ የመረጠው ፕለጊን አራት ኮከብ ተኩል ነበረው። ሰፖርት ገጹ ላይ ግን አሥራ አንድ ሰዎች «አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ድረ ገጼ ተዘጋ» ብለው ጽፈዋል፣ መልስ የሰጣቸው የለም። ዘጋነው።

አንድ ኮከብ የሰጡትንም አንብቡ። አምስት ኮከብ የሰጠው አብዛኛውን ጊዜ «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። አንድ የሰጠው ግን የት ላይ እንደተሰበረበት ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው ስለጫነው ብቻም አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዲስፕሌይ ዊጀትስ የሚባል፣ ወደ 200 ሺህ ድረ ገጾች ላይ የተጫነ ፕለጊን ነበር። የመጀመሪያው ባለቤት ሸጠው። የገዛው ሰው በአፕዴት ውስጥ የተደበቀ ኮድ ጨመረበትና በሰው ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ጀመረ። በመጨረሻ ከማውጫው ተነሳ። ፕለጊኑ ያው ነው፣ ስሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የመረጣችሁትን ፕለጊን በየጊዜው ተመልሳችሁ እዩት።

አንተ ምን ምን ትጭናለህ?

ከባክአፕ እጀምራለሁ። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል። አፕድራፍትፕላስን እጠቀማለሁ፤ ነፃው ቨርዥን ፋይሉንና ዳታቤዙን በቀጠሮ እየወሰደ ጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጥልኛል። ባክአፑ ሌላ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ችክ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ቢሮ፣ ስንት ሱቅ ኮምፒዩተሩን ተዘረፈ። የዓመታት ጽሑፍና ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ባለ አንድ ዲስክ ብቻ የነበረው ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን አጣ። ባክአፕ ቤት ውስጥም ሆስቲንጉ ላይም ብቻ አይቀመጥ። በሦስት ወር አንዴ ደግሞ መልሳችሁ መጫን እንደሚቻል ሞክሩት። ያልተሞከረ ባክአፕ አለኝ ማለት አይቻልም።

ለፍጥነት ደብልዩፒ ሱፐር ካሽ፤ ካሽ ማለት ገጹን አንዴ አዘጋጅቶ አስቀምጦ ለሚመጣው ሁሉ ማቅረብ ነው። ቀላል ነው፣ አይፈተፍትም። ሆስቲንጋችሁ ላይትስፒድ የሚባለውን ሰርቨር የሚጠቀም ከሆነ ላይትስፒድ ካሽ ይሻላል። ሁለት የካሽ ፕለጊን ግን በአንድ ላይ በጭራሽ አትጫኑ፤ ይጋጫሉ።

ለኮሜንት ስፓም (ኮሜንት ውስጥ ለሚለጠፍ ቆሻሻ ማስታወቂያ) አንቲስፓም ቢ። ነፃ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም። አኪስሜትም ጎበዝ ነው፤ ነፃው ግን ለግል፣ ንግድ ለሌለበት ድረ ገጽ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ያላችሁ ይኼን ልብ በሉ።

ለመልእክት ፎርም ኮንታክት ፎርም 7። ከ5 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ላይ አለ። ስታዩት ምንም አያምርም፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

ጎግል ላይ በደንብ ለመገኘት ዮስት ወይም ራንክ ማዝ፣ አንዱን ብቻ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ዮስት ጽሑፋችሁን እያነበበ ቀይ፣ ብርቱካንና አረንጓዴ ነጥብ ይሰጣል። ያ መለኪያ ለአማርኛ አልተሠራም። አንዲት እህታችን ስለ ባቲ ገበያ የጻፈችውን ውብ ጽሑፍ ነጥቡ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ስትቆራርጠው ደረስኩባት። አዘንኩ። ቀዩን ተዉት፣ ርዕስና አጭር መግለጫ የሚሞላበትን ሳጥን ብቻ ተጠቀሙ።

ለፎቶስ? ላሊበላ ያለው ወዳጃችን በስልኩ ያነሳው አንድ ፎቶ 5 ሜጋባይት ነበር። ገጹ ላይ ስምንት ፎቶ አለ። ሳይሳነስ እንዳለ ከተለጠፈ በሞባይል ዳታ የሚከፍተውን እንግዳ 40 ሜጋባይት ክፈል እንደማለት ነው። ስመሽን የመሰሉ ማሳነሻ ፕለጊኖች አሉ፤ ግን ፎቶውን ከመጫናችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል ብታወርዱት ፕለጊን ባያስፈልግስ?

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የተለየ የሚያስፈልግ ነገር አለ?

አለ፤ ግን ብዙው ፕለጊን አይደለም።

የመጀመሪያው ሊንኩ ነው። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ዎርድፕረስ ከርዕሱ ሊንክ ያበጃል። ሊንኩ ውስጥ ግን እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል የፐርሰንት ምልክት፣ ቁጥርና የላቲን ፊደል ተቀላቅሎበት 9 ምልክት ይሆናል። ለሊንክ የተፈቀደው ደግሞ 200 ምልክት ነው። ስለዚህ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል። አንድ ወዳጄ «የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና የአባ ኢየሱስ ሞዓ ታሪክ» ብሎ ጻፈ። ሊንኩ «የአባ ኢየሱስ» ላይ ቆመ። ገዳሙን የመሠረቱት የአባታችን ስም ለሁለት ተከፈለ፣ «ሞዓ» ወደቀ። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ስክሪኑን የሞላ የፐርሰንት ሰልፍ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከማተማችሁ በፊት በጽሑፉ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የሊንክ ሳጥን ክፈቱና ሁለት ሦስት ቃል በላቲን ፊደል ጻፉ። ፕለጊን አያስፈልገውም፣ ልማድ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። እኛ «ሐይቅ»ን በሐመሩ ሐ እንጽፋለን፣ አንባቢው በሃሌታው ሀ ይፈልጋል። የዎርድፕረስ ፍለጋ ሁለቱን እንደ አንድ አያይም፤ «ምንም አልተገኘም» ይላል። «ጸሎት»ና «ፀሎት»፣ «ሠርግ»ና «ሰርግ» ላይም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ፕለጊን ያስፈልጋል። ሬለቫንሲ የሚባለው፣ ነፃው ራሱ፣ ተመሳሳይ ቃላትን የምትሞሉበት ቦታ አለው። ድረ ገጻችሁ ላይ የሚደጋገሙትን ሃያ ሠላሳ ቃላት በሁለቱም አጻጻፍ አስገቡ። አንድ ከሰዓት ይፈጃል። እኔ በግሌ ከሁሉም ፕለጊን ለአማርኛ አንባቢ የበለጠ የጠቀመው ይኼ ይመስለኛል።

ሦስተኛው የፕለጊኖቹ የራሳቸው ቋንቋ ነው። ፎርሙ በእንግሊዝኛ «ሰንድ» ሲል የገጠር እናት ግራ ትጋባለች። ሎኮ ትራንስሌት ቃሉን በዳሽቦርድ ውስጥ ሆናችሁ «ላክ» ብላችሁ እንድትቀይሩት ያስችላል።

ፎንት የሚጨምር ፕለጊን? ለአብዛኞቻችሁ አያስፈልግም። የዛሬ ስልክ ግእዝ ያነባል። የተጨመረ ፎንት አንባቢው ላይ የሚጨመር ዳታ ነው።

ቴሌግራም ላይ የተከፈለበት ፕለጊን በነፃ ተለቆ አየሁ። ልጫነው?

አይ። በጭራሽ።

ምክንያቱን በደንብ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የተጎዳው እዚህ ላይ ነውና። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው በዶላር የሚሸጥ ፕለጊን መግዛት ይከብደዋል፤ ይገባኛል። ዚፑ ደግሞ በቴሌግራም ይመጣል፣ በፍላሽም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሚሰጣችሁ ሰው ወዳጃችሁ ነው፣ ክፋት የለውም። እሱ ግን ከማን እንዳገኘው አያውቅም። የሰጠውም አያውቅም። ክራኩን የሠራው፣ ማለትም የፕለጊኑን የፈቃድ ቁልፍ የሰበረው ሰው ዘንድ ስትደርሱ ሥራውን ያለ ጥቅም እንዳልሠራው ትረዳላችሁ። ደብልዩፒ ቪሲዲ የሚባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2019 በብዛት የተዛመተው በእንደዚህ ዓይነት ፕለጊኖችና ቴሞች (የድረ ገጽ መልክ በሚሰጡ ዲዛይኖች) ነው። አንዱን ድረ ገጽ ከያዘ በዚያው ሆስቲንግ ላይ ወዳሉት ሌሎች ይሻገራል።

ስለ ቅኝት የሚጽፈው ልጅ ላይ የደረሰውን አይቻለሁ። አንድ ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ ድረ ገጼን ጎግል ላይ ስፈልገው ጃፓንኛ ነው የሚያወጣው» አለኝ። ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ስሙ ከላይ አለ፣ «አምባሰል» የሚለው ርዕስም አለ። ከሥሩ ግን ቦርሳና ሰዓት የሚሸጥ የጃፓንኛ ጽሑፍ ተደርድሯል። ድረ ገጹን ራሱን ስንከፍተው ምንም የለበትም። ለሰው ንጹሑን፣ ለጎግል ቆሻሻውን ነው የሚያሳየው። በፍላሽ ያገኘውን የስላይደር (ፎቶ የሚያንሸራትት) ፕለጊን ፎልደር ከፍተን ስናይ ከፎቶዎቹ መሃል አንድ የኮድ ፋይል ተቀምጧል። የፎቶ ፎልደር ውስጥ ኮድ ምን ይሠራል? ሁለት ቀን ሙሉ አጸዳነው። ጎግል ላይ ያለው እስኪጠፋ ደግሞ ሳምንታት ጠበቀ። ስላይደሩ የሚያደርገውን አሁን ዎርድፕረስ ራሱ ባለው የጋለሪ ብሎክ ይሠራዋል፤ ፎቶዎቹ አይንሸራተቱም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የምለው አንድ ነው፤ ስሙንና ሊንኩን ተቀበሉ፣ ፋይሉን ከማውጫው ራሳችሁ አውርዱ።

ታዲያ ፕለጊን ማካፈል ክልክል ነው?

አይደለም። ይፋዊው ማውጫ ላይ ያለ ፕለጊን ሁሉ ጂፒኤል ከሚባለው ፈቃድ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ይህ ፈቃድ መጠቀምን፣ መለወጥን፣ ለሌላ መስጠትንም ይፈቅዳል። እኔ የምፈራው መስጠቱን ሳይሆን መንገድ ላይ ማን እንደነካካው አለመታወቁን ነው።

ስለዚህ ልምዳችሁን አካፍሉ። እኛ ወሎዎች ያለንን ተካፍሎ መብላት አይከብደንም፤ እውቀቱንም እንዲሁ እናድርገው። «ይኼ አሪፍ ነው» ማለት ግን ለተቀባዩ ምንም አይጠቅመውም። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ የላከችልኝን ልጥቀስ፦

«አንቲስፓም ቢ። ለኮሜንት ስፓም። ስድስት ወር ሆነኝ። የኔ ሆስቲንግ ርካሹ ነው፣ አላንቀራፈፈውም። ያስቸገረኝ፦ ሁለት የእውነት ደንበኞች የጻፉትን ስፓም ውስጥ ከቶብኛል፤ በየሳምንቱ ገብቼ አያለሁ።»

ከታች ሊንኩ አለ። በቃ፣ ይኼ ነው ማካፈል። ለምን እንደጫነችው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀመችበት፣ በምን ሆስቲንግ እንደሆነ፣ የት ላይ እንዳስቸገራት። ያስቸገራትን ባትጽፍ ኖሮ የላሊበላው ወዳጃችን የአንድ እንግዳ ጥያቄ ስፓም ውስጥ ቀርቶበት ነበር።

ሊንኩን አትርሱ። ስሙን በአማርኛ ብቻ ከጻፋችሁት ፈላጊው ማውጫው ላይ አያገኘውም። የሚመሳሰል ስም ያለው ሌላ ፕለጊን የመጫን አደጋም አለ። ስክሪንሾት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ የፈቃድ ቁልፍና የኢሜይል ፓስዎርድ ያለበትን ቦታ ሸፍኑ። ግሩፕ ውስጥ ስንት ሰው ቁልፉን ለሁሉ ሲለጥፍ አይቻለሁ።

አፕዴት ማድረግ ዳታዬን አይበላም? መብራት ቢሄድስ?

ዳታችሁን አይነካም ማለት ይቻላል። ፋይሉ ከዎርድፕረስ በቀጥታ ወደ ሆስቲንጋችሁ ነው የሚሄደው፤ በስልካችሁ አያልፍም። ስለዚህ «ካርድ ስሞላ» ብላችሁ አታቆዩት። ሰርጎ ገቢ የሚገባው ባልዘመነ ፕለጊን ቀዳዳ ነው።

ገጹን እስኪጨርስ አትዝጉት። መብራት ወይም ኔትወርክ መሃል ላይ ሄዶ ድረ ገጹ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ላይ ከቀረ አትደንግጡ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ያ ምልክት ከዚያ በኋላ ራሱ ይለቃል። ከዚያ ገብታችሁ አፕዴቱን ድገሙት።

ፕለጊን ጫንኩ፣ ድረ ገጹ ተበላሸ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ኢሜይላችሁን እዩ። ከ5.2 ቨርዥን ጀምሮ ዎርድፕረስ ጥፋቱን ያመጣውን ፕለጊን ስም ጠቅሶ፣ መግቢያ ሊንክ ጨምሮ ይልክላችኋል። በዚያ ገብታችሁ ፕለጊኑን ታቆሙታላችሁ። ኢሜይሉ የሚሄደው «ሴቲንግ» ውስጥ ወዳለው አድራሻ ነው። ድረ ገጹን ሌላ ሰው ሠርቶላችሁ ከሆነ አድራሻው የእሱ ሊሆን ይችላል፤ ሳይበላሽ በፊት ዛሬውኑ ቀይሩት።

ኢሜይል ካልመጣ በሆስቲንጋችሁ ፋይል ማናጀር ግቡ። «ፕለጊንስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ የዚያን ፕለጊን ፎልደር ስም ለውጡት። ዎርድፕረስ ሲያጣው ያቆመዋል፣ ድረ ገጹም ይመለሳል።

ድረ ገጹ ላይ በቴሌብር ወይም በባንክ መቀበል እችላለሁ?

ዕቃ ለመሸጥ ዎኮመርስ አለ፣ ብርንም ያውቃል። በቴሌብርና በባንክ ክፍያ የሚያስተናግደው ቻፓ ደግሞ ለዎኮመርስ የሚሆን ፕለጊን አለው። ክፍያ ላይ ግን ከይፋዊው ምንጭ ውጪ አንዲት ፋይል እንኳ አትቀበሉ። በወር ሦስት አራት ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ሊንክ ይበቃችኋል። ዎኮመርስ ከባድ ነው።

የማልፈልገውን ፕለጊን ማቆም ይበቃል ወይስ ላጥፋው?

አጥፉት። የቆመ ፕለጊን ፋይሉ ሆስቲንጉ ላይ እንዳለ ነው፤ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውም እንዳለ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት ባክአፕ ውሰዱ፣ አንዳንዱ ሲጠፋ ያስቀመጠውን ዳታ ጠራርጎ ይሄዳልና። የፎርም መልእክቶች ወይም የደንበኛ ስልኮች ውስጡ ካሉ ቀድማችሁ አውጧቸው። ለጊዜው ብቻ የሚያስፈልጋችሁ ፕለጊን ካለ፣ ለምሳሌ ድረ ገጽ ከሆስቲንግ ወደ ሆስቲንግ ማዛወሪያ፣ ሥራው ያለቀ ዕለት አስወጡት።